አዳራሹ ተገዛ፤ መምህሩስ?

አትላንታ ካሉት የኢትዮጵያ ወንጌላውያን ማኅበሮች ወደ አንዱ ገብታችሁ የአዳራሹ ዕዳ ስንት እንደቀረ ብትጠይቁ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳያመነታ ይነግራችኋል። የመዘምራኑን ቁጥር፣ የድምፅ መሣሪያውን ዋጋ፣ ለመጪው ኮንፈረንስ የተጋበዘውን ሰባኪ ስም የማያውቅ አባልም ጥቂት ነው። «እስከ ዛሬ ስንት ሰው ለአገልግሎት አስተማራችሁ? የስንት ወጣት የሴሚናሪ ክፍያ ሸፈናችሁ?» ስትሉ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ለምን? ገንዘብ ጠፍቶ ነው? ሰው ጠፍቶ ነው? ወይስ ጥያቄው ራሱ በጉባኤ ፊት ቀርቦ አያውቅም?

ጉዳዩ ሁላችንንም ይመለከታል፤ ከመካነ ኢየሱስ የመጣነውን ግን ከሌላው ይልቅ ያስጠይቀናል። ያደግንባት ቤተ ክርስቲያን ገና በእግሯ ሳትጸና ስለ መምህር ያሰበች ናትና።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው በጥር ወር 1959 ነው (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ አባሎቿ 20 ሺህ ገደማ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1960፣ አዲስ አበባ ላይ መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪን ከፈተች። መንገድ ባልተዘረጋበት አገር፣ አንድ ቄስ በበቅሎና በእግር ብዙ ማኅበር በሚያዳርስበት ዘመን፣ ሕንፃው፣ መኪናው፣ ክሊኒኩ ሁሉ ሳይሟላ ለምን ሴሚናሪ አስቀደሙ? ጥቂት ወጣቶችን ወደ አውሮፓ እየላኩ ማስተማር አይቀልም ነበር?

እኔ መልሱን የማገኘው ከቤተ ክርስቲያኒቱ አፈጣጠር ነው። በወለጋ ስዊድኖችና ጀርመኖች፣ በሲዳሞ ኖርዌጂያኖች፣ በወሎ የአሜሪካ ሉተራውያን፣ በባሌ ዴንማርኮች ሠርተዋል። ሁሉም ሉተራውያን ይባሉ እንጂ እያንዳንዱ የመጣበትን ልማድ ይዞ ነበር የመጣው። ከዚህ ሁሉ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ትውጣ ከተባለ፣ የሲዳማው፣ የወለጋውና የወሎው ወጣት አንድ ክፍል ተቀምጠው፣ አንድ መጽሐፍ ገልጠው የሚከራከሩበት ስፍራ ያስፈልግ ነበር። ሴሚናሪው ቄስ የሚወጣበት ብቻ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያኒቱ ከራሷ ጋር የምትነጋገርበት ቤት ነበር።

አትላንታ ያለን እኛ ይህ አያስፈልገንም? ከመካነ ኢየሱስ፣ ከቃለ ሕይወት፣ ከሙሉ ወንጌል፣ ከመሠረተ ክርስቶስ የመጡ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ያመልካሉ። ሕፃን ይጠመቃል ወይስ አይጠመቅም? ቅዱስ ቁርባን ምንድን ነው? ትንቢት በምን ይመዘናል? መጋቢ ሲያጠፋ ማን ይጠይቀዋል? እነዚህ ነገሮች ሲነሡ እስከ ዛሬ በምን ፈታናቸው? አጥንተን፣ ተከራክረን፣ ጽፈን? ወይስ ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ሌላ ኪራይ ሲፈልግ?

ሉተራዊነት ራሱ ከመማሪያ ክፍል የወጣ ነገር ነው። ማርቲን ሉተር በ1502 በተከፈተው የዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምር መምህር ነበር። በ1528 የሳክሶኒን ማኅበሮች ዞሮ ሲያይ ያስደነገጠው የሕንፃ ማነስ አልነበረም፤ ብዙ ካህናት የሚያስተምሩትን ነገር አለማወቃቸው ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1529፣ ትንሹና ትልቁ ካቴኪዝም የተባሉትን የእምነት ማስተማሪያዎች አወጣ። ትንሹን አባወራው ቤቱ ተቀምጦ ለልጆቹ እንዲያስተምርበት አድርጎ ጻፈው። እንዲህ ያለ ጉብኝት ዛሬ በአትላንታ ዙሪያ ክላርክስተንን፣ ተከርን፣ ስቶን ማውንቴንን ቢያዳርስ ምን ያገኝ ይሆን?

እኔ አንድ ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከኪራይ አዳራሽ በታች ያለ ቤዝመንት ነው፤ ጠረጴዛው የሚታጠፍ፣ ወንበሮቹ ከላይ የተረፉ። የታዳጊዎቹ መምህርት ሌሊቱን የአረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ አድራ ከሹፍት በቀጥታ የመጣች ሴት ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። በእጇ ያለው ትምህርት ከኢንተርኔት የታተመ፣ ጠርዙ የተቆረጠ ወረቀት ነው። አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እጁን አውጥቶ በእንግሊዝኛ «እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ካወቀ፣ የእኛ ጸሎት ምን ይለውጣል?» አላት። እርሷም በቅንነት «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለመጋቢ እጠይቅልሃለሁ» አለችው። መጋቢው መልሱን ያውቃል፤ ግን የሚያውቀው በአማርኛ ነው። ልጁ ደግሞ በአማርኛ የሚችለው ሰላምታና የምግብ ስም ነው። ታዲያ ያ ጥያቄ ከቤዝመንት ወደ ላይ ወጥቶ፣ ተመልሶ ለልጁ የሚደርሰው በማን በኩል ነው? ልጁ አሥራ ስምንት ሞልቶት ኮሌጅ ሲገባ ይህንኑ ጥያቄ ሌላ ሰው ሲመልስለት፣ «ልጆቻችን ጠፉብን» ብለን የጸሎት ፕሮግራም ማውጣት እንጀምራለን። የጠፉት ያኔ ነው ወይስ ያን እሑድ?

በዚያች መምህርት ላይ ቅንጣት ነቀፋ የለኝም። ማኅበሩን በጉልበቷ የተሸከመችው እርሷ ናት። እኔ የምጠይቀው ማኅበሩን ነው፦ ይህች ሴት አንድ ኮርስ እንድትወስድ ማን ከፈለላት? ማን ሹፍቷን ሸፈነላት? መካነ ኢየሱስ ሴቶች በቅስና እንዲያገለግሉ በ1997 ወስና በ2000 የመጀመሪያዋን ሴት፣ ቄስ በኩሬ ዳባን፣ ሾማለች። ይህን ውሳኔ በኩራት የምናወራ እዚህ ያለን ሰዎች፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ከያዙት ሴቶች መካከል አንዷን እንኳ ወደ ሴሚናሪ ልከናል?

በከተማችን እኮ ቤዝመንት ትልቅ ታሪክ አለው። በ1867፣ ባርነት በሕግ ከተሻረ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ኦገስታ ጆርጂያ በስፕሪንግፊልድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለጥቁሮች ሰባክያንና መምህራን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1879 ወደ አትላንታ ተዛውሮ በፍሬንድሺፕ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ቤዝመንት ትምህርቱን ቀጠለ። ዛሬ ሞርሃውስ ኮሌጅ የምንለው እርሱ ነው። በ1881 በዚያው ቤዝመንት ውስጥ 11 ሴቶች መማር ጀመሩ፤ አብዛኞቹ ከባርነት የወጡ ነበሩ፤ ያ ደግሞ ስፔልማን ኮሌጅ ሆነ። ጋሞን ሴሚናሪ በ1883 ተመሠረተ። በ1958 የሞርሃውስ የሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ ጋሞን፣ ተርነርና ፊሊፕስ በየቤተ እምነታቸው ጸንተው አንድ ቤተ መጻሕፍትና አንድ የመምህራን ጉባኤ ያለው ኢንተርዲኖሚኔሽናል ቲኦሎጂካል ሴንተርን አቋቋሙ። ባፕቲስቱ ባፕቲስት፣ ሜቶዲስቱ ሜቶዲስት እንደሆነ አብረው ያስተምራሉ።

ትናንት በሰው እጅ ይሸጡ የነበሩ ሰዎች፣ ንብረት የሌላቸው፣ የመምረጥ መብታቸው በየጊዜው የሚነጠቅ፣ ቤዝመንታቸውን መጀመሪያ ለምን ትምህርት ቤት አደረጉት? እኛስ የቤት፣ የሱቅና የከባድ መኪና ባለቤት ሆነን፣ ቤዝመንታችን ለምን የሕፃናት ማቆያ ብቻ ሆኖ ቀረ?

በ1895 እዚሁ አትላንታ በጋሞን አዘጋጅነት ስለ አፍሪካ ታላቅ ጉባኤ ተካሂዷል፤ ከዓድዋ ጦርነት ሦስት ወር ያህል ቀድሞ ማለት ነው። ለአፍሪካ ወንጌላውያንን ስለማሠልጠን ከተነጋገሩት ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። አፍሪካውያኑ አሁን መጥተናል፤ ጎረቤት ነን። ስንቶቻችን የዚያን ትምህርት ቤት በር አንኳክተናል?

የባርነቱ ነገር ከእኛም ታሪክ ጋር ይገናኛል። የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ኦነሲሞስ ነሲብ ሕፃን ሳለ ተሸጦ፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ያሳደገው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያም ስቶክሆልም ሄዶ በዮሐኔሉንድ የሚሲዮን ተቋም ተማረ። ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ከእርሱ ጋር በሥራው የደከመችው አስቴር ጋኖም ከባርነት የወጣች ነበረች። በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ስዊዘርላንድ ላይ ታተመ። ኦነሲሞስ በ1904 ነቀምቴ ሲገባም ማስተማሩን ነው የጀመረው። በወለጋ የወንጌላውያን እምነት የተተከለው በዚህ መንገድ ነው፤ መጽሐፍና ትምህርት ቤት እጅ ለእጅ ተያይዘው። እኛ አሜሪካ ስንደርስ የያዝነው የትኛውን ነው፣ የተውነውስ?

አሁን ብዙዎች የሚያነሡትን ተቃውሞ አውቃለሁ። «ትምህርት መንፈስ ያቀዘቅዛል፤ ፈረንጆቹን ሴሚናሪ ምን አደረጋቸው? ቤተ ክርስቲያናቸው ባዶ ሆነ» ይባላል። ይህ ተራ ወሬ ስላልሆነ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባል። የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን አባላት ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በታች ናቸው። በ1826 የተመሠረተው የጌቲስበርግ ሴሚናሪ በ2017 ከፊላደልፊያው ጋር ተዋህዷል። የቺካጎው ሉተራን ሴሚናሪ ሕንፃውን ሸጦ ወደ ሌላ ተቋም ግቢ ገብቷል። ለእኛ ቅርብ የሆነው፣ በ1830 የተመሠረተውና ከ1911 ጀምሮ ኮሎምቢያ ሳውዝ ካሮላይና የነበረው የደቡብ ሉተራን ሴሚናሪ፣ በ2012 በሌኖር ራይን ዩኒቨርሲቲ ሥር ገብቶ ኋላ ወደ ሂኮሪ ኖርዝ ካሮላይና ተወስዷል። አትላንታ ላይ ሉተራውያን የራሳቸውን ሴሚናሪ አልተከሉም፤ በኢንተርዲኖሚኔሽናል ሴንተሩ በኩል የሚሠራ ማዕከል ነበራቸው። በሌላ በኩል መካነ ኢየሱስ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ አባላት ያሏት፣ በዓለም ካሉት የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ትልቋ ናት።

ታዲያ ይህ ምን ያሳያል? ሴሚናሪ ቤተ ክርስቲያንን እንደማያሳድግ? ቄስ ጊዳዳ ሶለንን አስቡ። በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸው የጠፋ፣ ሴሚናሪ ያልገቡ፣ ቃሉን በቃላቸው ይዘው በወለጋ ያለውን ቄለምን ያዳረሱ ሰው ናቸው። ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ በዚያ አካባቢ የነበረችውን የቤቴልን ቤተ ክርስቲያን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ያቆዩት እርሳቸው ናቸው። እሳቱ ከክፍል እንደማይወጣ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን እኚሁ ሰው ልጆቻቸውን ምን አደረጉ? አስተማሩ። አንዱ ነጋሶ ጊዳዳ በታሪክ ዶክተርነት ተመርቀው ኋላ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ቤቴልም በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ስትዋሃድ የሴሚናሪው የጋራ ባለቤት ሆነች። ማየት የተሳናቸው አባት የትምህርትን ነገር እንዲህ ካዩት፣ እኛ በጊዳዳ ስም ትምህርትን ልንነቅፍ እንችላለን?

ደግሞስ በእውነት ትምህርት እንጠላለን? አንጠላም። ልጆቻችን ፋርማሲስት፣ ነርስ፣ ኢንጂነር እንዲሆኑ ሁለት ሥራ እንሠራለን። ልጅ «ሴሚናሪ እገባለሁ» ያለ ቀን ግን ወላጅ ይደነግጣል፤ ያው ወላጅ እሑድ ጠዋት «ጌታ ሆይ፣ ለመከሩ ሠራተኛ ላክ» ብሎ ይጸልያል። የማን ልጅ እንዲላክ ነው የምንጸልየው?

ማዕረጉንም ቢሆን አንጠላውም። ባለፉት ዓመታት በየመድረኩ «ዶክተር» የሚባሉ አገልጋዮች ምን ያህል እንደበዙ ሁላችንም እናያለን። ከእነርሱ ውስጥ ዓመታት ለፍተው፣ ግሪክና ዕብራይስጥ ተምረው፣ መመረቂያ ጽሑፍ ጽፈው ያገኙት አሉ፤ ክብር ይገባቸዋል። በጥቂት ወራትና በጥቂት ክፍያ የወረቀት ማዕረግ የሚያድሉ ተቋማት እንዳሉም የማያውቅ የለም። የጆርጂያ ሕግ ሃይማኖታዊ ዲግሪ ብቻ ለሚሰጡ ተቋማት ከመንግሥት ፈቃድ ነፃ የሚሆኑበትን መንገድ ይተዋል፤ ሕጉ የሃይማኖትን ነፃነት ለማክበር ነው እንጂ ለዚህ አልወጣም። ሽማግሌዎች መጋቢ ሲቀጥሩ «የት ተማርክ? ያ ትምህርት ቤት በማን የታወቀ ነው? መምህሮችህ እነማን ነበሩ?» ብለው ይጠይቃሉ? ለልጃቸው ሐኪም ሲመርጡ እኮ ይጠይቃሉ።

ሴሚናሪው በማን ገንዘብ አደገ የሚለውም መነሣት አለበት፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ በቀጥታ ወደ እኛ ኪስ የሚደርሰው። መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የቆመው በአብዛኛው በውጭ አብያተ ክርስቲያናት ድጋፍ ነው። በ1966 ዋና ጸሐፊ የሆኑት ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ እርሳቸው ራሳቸው ከ1963 ጀምሮ ሚኒሶታ ሉተር ሴሚናሪ ተምረው የተመለሱ፣ ይህ ጥገኝነት ዕረፍት ነስቷቸው ነበር። በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው ታዋቂ ደብዳቤ ከዚህ የመጣ ነው። የምዕራቡ ዓለም ለጋሾች ለውኃ፣ ለክሊኒክ፣ ለእርሻ በደስታ ይሰጣሉ፤ ወንጌል ለማዳረስና አገልጋይ ለማሠልጠን ሲጠየቁ ግን እጃቸው ይታጠፋል፤ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ ለሁለት አትክፈሉብን ነበር የደብዳቤው ቁም ነገር። ዓለም አቀፍ ክርክር አስነሣ፤ በ1974 ናይሮቢ ላይ ጉባኤ ተጠራበት። ቄስ ጉዲና በ1979 በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ፤ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሕዝባቸውን ትተው አልሄዱም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1992 ነው።

ያ ደብዳቤ ዛሬ ለማን ቢጻፍ ይገባል? ለጋሾቹ አሁን እኛ አይደለንም? አገር ቤት ድርቅ ሲመጣ እናዋጣለን፤ የጉድጓድ ውኃ እናስቆፍራለን፤ የትውልድ ቀያችን ጣሪያ ሲያፈስ ቆርቆሮ እንልካለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ይቀጥል። ሴሚናሪው ግን የመምህር ደመወዝ፣ የመጽሐፍ መግዣ፣ ከቦረና ወይም ከጋምቤላ የመጣ ተማሪ ቀለብ ቢጠይቀን ምን እንላለን? «ለዚህ ፈንድ የለንም» እንላለን። የ1972ቱን ደብዳቤ ያስጻፈው የለጋሾቹ መልስ ይኸው አልነበረም? ያኔ በመልሱ ያዘነው ወገን ልጆች እኛው ነን።

በ2013 መጀመሪያ መካነ ኢየሱስ በጠቅላላ ጉባኤዋ በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ምክንያት ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንና ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። ለአሠርት ዓመታት የኖረ ወዳጅነት ነበር፤ ገንዘብም፣ መምህራንም፣ የትምህርት ዕድልም በዚያ መስመር ይመጣ ነበር። እዚህ ያለን ብዙዎች «ለእውነት ቆመች» ብለን አጨበጨብን። ጭብጨባው ሲያበቃ የቀረውን ጉድለት ማን ይሙላ አልን? ባንድ ወገን አቋሙን እያመሰገንን፣ በሌላ ወገን ወጪውን ለሌሎች ፈረንጆች ከተውን፣ አቋሙ የማን ሆነ? አንዱን ለጋሽ በሌላ ለጋሽ መተካት ጉዲና የፈለጉት ነፃነት ነው?

ሴሚናሪውም ይጠየቅ። መካኒሳ ያለው ግቢ ዛሬ ነገረ መለኮት ብቻ የሚማሩበት አይደለም፤ የአመራርና የሥራ አስተዳደር ትምህርት አለ፣ ሙዚቃ አለ። ሙዚቃው የከተማውን ጃዝ አሳድጓል፤ አስተዳደሩ ገቢ ያመጣል፤ ይህን አልነቅፍም። ግን ገቢ የሚያመጣው ክፍል እያደገ፣ ገቢ የማያመጣው፣ ለገጠር ማኅበር ቄስ የሚያወጣው ክፍል እኩል እያደገ ነው? ከ20 ሺህ ወደ 10 ሚሊዮን የደረሰ ሕዝብ የተማረ እረኛ እንዲያገኝ የመምህራኑ ቁጥር ምን ያህል መብዛት ነበረበት? በየማኅበሩ የሚያስተምሩት ወንጌላውያን አብዛኞቹ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ብቻ ያገኙ በጎ ፈቃደኞች ከሆኑ፣ የሐሰት ነቢያት ሲበዙ ለምን እንገረማለን?

ለውጭ ትምህርት ተልከው ያልተመለሱትስ? ከእነርሱ መካከል ጥቂት የማይባሉት በአሜሪካ ከተሞች ይኖራሉ። ማኅበር የሚመሩ አሉ፤ ሌሎቹ ኑሮ ገፍቷቸው ታክሲ ነድተዋል፣ ፓርኪንግ ቆመዋል። በእነርሱ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ አልፈርድም፤ ብዙዎቹ እስርና ጦርነት እያሳደዳቸው የወጡ ናቸው። ነገር ግን ሴሚናሪው አድራሻቸውን ያውቃል? «አንድ ኮርስ በኦንላይን አስተምሩልን» ብሎ ጠይቋቸዋል? የእኛ ማኅበሮችስ፣ በሁለተኛ ዲግሪ ነገረ መለኮት የተማረ ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እያለ፣ ከሌላ ስቴት ሰባኪ በአውሮፕላን የሚያስመጡት ለምንድን ነው? ሰባኪው ዓርብ ማታ ደርሶ እሑድ ማታ ይሄዳል። ሰኞ ማን ያስተምራል?

ቋንቋውም ከባድ ጥያቄ ነው፤ በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የአምልኮ ቋንቋ ጉዳይ መካነ ኢየሱስን ክፉኛ ከፋፍሏት እንደነበር እናስታውሳለን። አትላንታም የአማርኛው፣ የአፋን ኦሮሞው፣ የትግርኛው ማኅበር ለየብቻ ነው። በእናት ቋንቋ ማምለክ መብት ነው፤ በደስታ ይሁን። ልጆቻችን ግን ሁሉም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሆነዋል። የሦስቱም ማኅበር ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት አብረው ይማራሉ፣ አንድ ቡድን ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ። ነገ የእነርሱ መጋቢ የሚሆነው ሰው የት ይሠለጥናል? ወላጆች በቋንቋ ስለተለያዩ፣ ልጆቹ በአንድ ቋንቋ አብረው እንዳይማሩ መከልከል አለባቸው?

ሕንፃ ግዙ፣ ግቢ አጥሩ አልልም። ትምህርት ቤቶቹ እዚሁ አሉ። ዲኬተር ያለው ኮሎምቢያ ሴሚናሪ የፕሬስቢቴሪያን ነው፤ የቤቴል ወገኖቻችን ወንጌልን ከሰሙበት ወገን ማለት ነው። ኤሞሪ ውስጥ ካንድለር አለ፤ በ1914 የኮካ ኮላው አሳ ካንድለር 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ካስጀመረው ዩኒቨርሲቲ ጋር የተወለደ። ነጋዴው ገንዘቡን ለምን እንዳዋለው ልብ በሉ፤ በእኛም መካከል የነዳጅ ማደያና የሬስቶራንት ባለቤቶች አሉ። ኢንተርዲኖሚኔሽናል ሴንተሩም ከመሐል ከተማው አይርቅም። ሉተራዊ የሆነውን ትምህርት፣ የእምነት መግለጫውንና ካቴኪዝሙን፣ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ መምህራን ከአዲስ አበባ በማታ ክፍለ ጊዜ በኦንላይን ቢሰጡ፣ የጎደለው ይሞላል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የሁለት ወገን ስምምነትና ደመወዝ የሚከፍል ማኅበር ነው።

የአንድ ኮንፈረንስ ወጪ፣ ቲኬቱ፣ ሆቴሉ፣ ምግቡ፣ የድምፅ ኪራዩ ተደምሮ የአንድ ተማሪ ክፍያ ምን ያህል ይሸፍናል? ሒሳብ ያዦች በእጃችሁ ያለውን መዝገብ ገልጣችሁ አስሉት። ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው የአባላት ጉባኤ፣ የበጀት ተራ ሲደርስ፣ ከፓርኪንግ አስፋልቱ በፊት ይህን ጥያቄ የሚያስይዝ ሽማግሌ ማን ነው? የሚላከውስ፣ ስሙ ወይም ስሟ ተጠርቶ፣ ማን ነው?